የፍሬን ሸራ ራሴ ልቀይር ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?

ጥያቄ፦ አሮጌ ቶዮታ ቪትዝ አለኝ። የጋራዥ ዋጋ ስለከበደኝ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ በራሴ መቀየር ጀምሬአለሁ። ሰሞኑን ፍሬን ስይዝ ከፊት ጎማ በኩል ይጮኻል። ሸራውንም ራሴ ብቀይረው ምን ይመስልዎታል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዘይትና ፊልትሮ መቀየሩን ይቀጥሉበት፤ የአየር ማጣሪያና የባትሪ ጫፍ ማጽዳትም አያቅትዎትም።

ጩኸቱ ጠዋት ብቻ ተሰምቶ ጥቂት ፍሬን ሲይዙ የሚጠፋ ከሆነ፣ ዝናብ ወይም ጤዛ ዲስኩ ላይ ያስቀረው ስስ ዝገት ነውና አያሳስብዎ። ቀኑን ሙሉ ከቀጠለ ግን ሸራው ሳያልቅ አልቀረም። ብዙ ሸራዎች ሲሳሱ ዲስኩን ነክታ እንድትጮኽ ሆን ተብላ የተሠራች ቀጭን ብረት አላቸው። ጎማውን ፈትተው ይመልከቱ፤ የሸራው ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ መቀየር አለበት። ሲፈቱ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እባክዎ ፈጽሞ አይግቡ።

መቀየሩን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ልምድ ላለው መካኒክ ቢሰጡት እመርጣለሁ፤ እዚህ ላይ የሚፈጠር ስሕተት የእርስዎንም የእግረኛውንም ሕይወት ይነካል። ሸራውን ራስዎ ገዝተው አጠገቡ ቆመው ይመልከቱ፤ የግራና የቀኙ አብረው መቀየራቸውንም ያረጋግጡ። በሚቀጥለው ጊዜ እርሱ እያየ እርስዎ ይሥሩት።

ፔዳሉ እየላላ ወደ ታች ከሰመጠ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ ወይም ብረት ከብረት ሲፋጭ ከተሰማ፣ አይንዱት፤ መካኒኩን ካለበት ያስመጡት።