ዕቃው ብዙ፣ ዋጋው ስንት? የኢንተርኔት ጨረታ አሠራር

አንድ ዕቃ ብቻ የሚሸጥበት ጨረታ ለማንም ግልጽ ነው፤ ከፍተኛ ዋጋ ያቀረበ ይወስዳል። ሻጩ 10 አንድ ዓይነት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ በኢንተርኔት ለጨረታ ሲያቀርብ ግን አሸናፊው ከአንድ በላይ ሊሆን፣ የሚከፈለውም ዋጋ ተጫራቹ ከሞላው ሊለይ ይችላል። ደንቡን ሳያነቡ ዋጋ መስጠት ለኪሳራ ይዳርጋል።

በእንዲህ ያለ ጨረታ ተጫራቹ የሚፈልገውን ብዛትና ለአንዱ የሚከፍለውን ዋጋ ይሞላል። ጊዜው ሲያበቃ ዋጋዎቹ ከከፍተኛው ጀምሮ ይደረደራሉ፤ ዕቃውም እስኪያልቅ በዚሁ ተራ ይከፋፈላል።

ለምሳሌ ያህል አንደኛው ተጫራች 4 ኮምፒውተሮች በ5,000 ብር፣ ሁለተኛው 5 በ4,500፣ ሦስተኛው 3 በ4,000፣ አራተኛው 2 በ3,500 ጠየቁ እንበል። አንደኛው 4፣ ሁለተኛው 5 ይወስዳሉ። ለሦስተኛው የሚደርሰው 1 ብቻ ነው፤ አራተኛው ባዶ እጁን ይቀራል።

ክፍያው በሁለት መንገድ ሊሰላ ይችላል። በአንድ ወጥ ዋጋ ደንብ ሁሉም አሸናፊዎች የሚከፍሉት ዝቅተኛውን የአሸናፊ ዋጋ፣ ማለትም 4,000 ብር ስለሆነ ሻጩ 40,000 ብር ያገኛል። እያንዳንዱ ያቀረበውን የሚከፍል ከሆነ ግን ድምሩ 46,500 ብር ይደርሳል። የ6,500 ብር ልዩነቱ ከገዢዎች ኪስ የሚወጣ ነው።

የአሜሪካው ኢቤይ እ.ኤ.አ. እስከ 2009 በነበረው የብዙ ዕቃ ጨረታ የሚሠራው በወጥ ዋጋ ነበር። ዋጋ እኩል ሲሆን ቀድሞ ያቀረበው ቅድሚያ ያገኝ ነበር። ከጠየቀው ያነሰ የደረሰው ተጫራችም አልፈልግም ማለት ይችል ነበር።

ኢቤይ ይህን «የደች ጨረታ» ቢለውም የሆላንዶቹ አሠራር የተለየ ነው። የኢትዮጵያ ጽጌረዳ ጭምር በሚሸጥበት የአልስሜር የአበባ ጨረታ ዋጋው በሰሌዳ ላይ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቀድሞ ቁልፉን የተጫነ ገዢ በዚያው ዋጋ ይገዛል። ዛሬ ገዢዎቹ ከሩቅ ሆነው በኮምፒውተር ይጫረታሉ። እዚህ የተቻኮለ ውድ ይከፍላል፤ የዘገየ ደግሞ አበባው ያመልጠዋል።

በወጥ ዋጋ ጨረታ «ዞሮ ዞሮ የምከፍለው ዝቅተኛውን ነው» ብሎ ዋጋ መቆለል አደገኛ ነው። ሌሎችም እንዲሁ ካሰቡ ዝቅተኛው የአሸናፊ ዋጋ ራሱ ሰማይ ይነካል።

ብዛትም ዋጋን ይወስናል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ሁለተኛው ተጫራች 5 መጠየቁን ትቶ 2 ብቻ ቢጠይቅ ኖሮ አራተኛውም 1 ይደርሰው፣ የሁሉም ዋጋ ወደ 3,500 ብር ይወርድ ነበር።

ስለዚህ ነጋዴው ከመጫረቱ በፊት የሚከፈለው ወጥ ዋጋ ነው ወይስ የየራስ? እኩል ዋጋ ሲቀርብ ማን ይቀድማል? የጎደለ መጠን ቢደርስ መተው ይቻላል? ብሎ መጠየቅ አለበት። ወጥ ዋጋ ከሆነ ዕቃው ለእርሱ የሚያወጣውን እውነተኛ ዋጋ ይሙላ፤ ከዚያ በላይ ግን አይሂድ። የየራስ ዋጋ ከሆነ ደግሞ ትርፉን አስልቶ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይጫረት።