በጎልፍ ንግድ ኑሮን መመሥረት፤ ከሌጦ እስከ ጓንት

ጎልፍ ከስኮትላንድ ተነሥቶ በዓለም የተሠራጨ ጨዋታ ነው። በኢትዮጵያ የጎልፍ ሜዳ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት በዚህ ጨዋታ እንጀራ ይገኛል ቢባል ላያምን ይችላል። ይሁን እንጂ የጎልፍ ሥራ በሜዳው ላይ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ተጫዋቹ ዱላው እንዳያመልጠው በአንድ እጁ ጓንት ያጠልቃል፤ ምርጡ ጓንት የሚሰፋውም ከበግ ሌጦ ነው። የኢትዮጵያ የበግ ሌጦ ደግሞ ለጓንት ተስማሚ በመሆኑ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው።

ምክንያቱ የሌጦው ተፈጥሮ ነው። ሱፍ የሚበዛበት በግ ቆዳው ስብ ያዘለና የላላ ይሆናል። አጭር ፀጉር ያለው በግ ግን ቆዳው ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል እስኪሆን ቢሳሳም ጥንካሬውን አያጣም። ወደ ደሴ ገበያ ባና የሚሠራበት የደጋ በግ ሌጦም፣ የቆላ በግና ፍየል ሌጦም ይመጣል። የባቲ የፍየል ሌጦማ «ባቲ ጀኒዩን» በሚባል የንግድ ስም በውጭ አገር ይታወቃል። ስለዚህ የሙያው መጀመሪያ፣ ሌጦን በዓይንና በእጅ ለይቶ ደረጃ መስጠትን መማር ነው።

ለጫማ የሚሆን ወፍራም ቆዳ ጉድለቱ በቀለም ሊሸፈን ይችላል፤ የጓንት ቆዳ ግን ስስ ስለ ሆነ ምንም አይሸሽግም። ዋጋውን የሚጥሉትም በተለይ ሦስት ነገሮች ናቸው።

1ኛ፤ ቅማልና ሌሎች ተባዮች በበጉ ላይ የሚያመጡት እከክ ነው። ጠባሳው ፀጉሩ ሳይነሣ ስለማይታይ፣ ገዢው ከከፈለ በኋላ በፋብሪካ ይገለጣል። መድኃኒቱ በጉን በሕይወት ሳለ ማሳከም ነው።

2ኛ፤ ቢላዋ ነው። ሌጦው ከተቀደደ በኋላ በቡጢ እየተገፋ መገፈፍ ሲገባው፣ በችኮላ በቢላዋ ሲገፈፍ ይበሳል። አንድ ብስ ሌጦውን ከጓንት ደረጃ አውርዶ ለገበር ያደርገዋል።

3ኛ፤ መዘግየት ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨው ያልነካው ሌጦ መበስበስ ይጀምራል። በፋሲካ፣ በገናና በአረፋ በየቤቱ በአንድ ቀን ብዙ ስለሚታረድ፣ ጨውና ሠራተኛ አስቀድሞ ያዘጋጀ ነጋዴ ሌላው የሚያጣውን ያተርፋል።

ወጣቱ ከሰብሳቢ ረዳትነት ወደ ደረጃ መዳቢነት፣ ከዚያም ወደ ማልፋትና ማለስለስ፣ ወደ ቆረጣና ስፌት ሊያድግ ይችላል። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ መሆኗ ለዚህ ሙያ ቅርብ መንገድ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ወደ ውጭ በሚላክ ጥሬ ቆዳና ሌጦ ላይ የ150 በመቶ ታክስ መጣሉ፣ ትርፉ የሚገኘው ሠርቶ በመላክ መሆኑን ለነጋዴው ሁሉ አስገንዝቧል።

ነገር ግን በአንድ ገዢ መተማመን አይገባም። በ1826 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ለጎልፍ ጓንት ቆዳ በማቅረብ የታወቀው የእንግሊዝ ኩባንያ ፒታርድስ፣ ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያን ሌጦ ሲገዛ ከኖረ በኋላ በ2023 እ.ኤ.አ. ከስሮ የዮቪል ፋብሪካው ተዘግቷል። ጥሩ ሌጦ ይዞ ሁለተኛ ገዢ ያላዘጋጀ ነጋዴ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕቃው በመጋዘን ይቀርበታል። ደረጃውን ጠብቆ ያቆየና ከብዙ ገዢ ጋር የተዋወቀ ግን፣ አንዱ በር ቢዘጋ ሌላውን ያንኳኳል።