ካምፐር የተጫነ ፒካፕ ጎማ ሲተነፍስ

ባዶ ፒካፕ ላይ ጎማ መቀየር ብዙ ሾፌር ለምዶታል። ጀርባው ላይ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ታንከር ያለው ካምፐር ሲጫንበት ግን ሥራው ሌላ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከናይሮቢ ወደ አምቦሴሊ ስንሄድ ነው። ኢሲንያን አልፈን ካጂያዶ ሳንደርስ የሂሉክሳችን የግራ የኋላ ጎማ ተነፈሰ፤ ስቀይረውም መኪናው ከክሪኩ ላይ ወረደ። እጄ ከሥሩ አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ወዲህ ካምፐር ጭኖ ከናይሮቢ ለሚወጣ ወዳጅ ሁሉ የምነግረውን እነሆ።

ከቤት ሳትወጡ

ስኮርታውን አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ሞክሩ። በሂሉክስና በመሰሎቹ ስኮርታው ከጭነቱ ሥር በሰንሰለት የተንጠለጠለ ነው፤ የሚወርደውም ከኋላ በኩል ባለች ትንሽ ቀዳዳ ረጅም ዘንግ አስገብቶ በማዞር ነው። ካምፐሩ ወደ ኋላ ተርፎ ከወጣ ወይም መውጫ ደረጃ ከተገጠመለት ቀዳዳዋ ትሸፈናለች። ዘንጉ አልገባ ካለ ስኮርታውን ሌላ ቦታ አስሩት። ሰንሰለቱንም በየጊዜው እያወረዳችሁ ግሪስ ቀቡት፤ አቧራና ዝገት ያደርቁታል።

የስኮርታውን ጎን አንብቡ። ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር የመሸከም አቅሙ መለያ ነው፤ 112 ማለት 1,120 ኪሎ፣ 121 ማለት 1,450 ኪሎ ነው። ስኮርታው ከሌሎቹ ጎማዎች ካነሰ ለካምፐር አትመኑት። ዲኦቲ ከሚለው ምልክት መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ደግሞ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሯችኋል፤ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ነፋሱንም ካምፐሩን ለተሸከሙት ለኋላ ጎማዎች በሚያስፈልገው ልክ ሙሉት።

የምትቆሙበት ቦታ

በኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። የግራ ጎማ ከተነፈሰ ወደ ቦዩ በኩል ትሠራላችሁ፤ የቀኝ ከሆነ ጀርባችሁን ለሚያልፉ መኪኖች ሰጥታችሁ ትንበረከካላችሁ። ስለዚህ የቀኝ ጎማ ሲተነፍስ ሰፊ ቦታ እስክታገኙ በእግር ፍጥነት ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ከተማ ውስጥ በጨለማ ከሆነም እንዲሁ፤ ሞምባሳ መንገድ ወይም ሳውዘርን ባይፓስ ዳር ከመንበርከክ እስከሚቀጥለው ነዳጅ ማደያ መጎተት ይሻላል። ጎማው ሊበላሽ ይችላል፤ ይበላሽ። ጎማ በገንዘብ ይተካል።

የኬንያ ሾፌሮች «ላይፍሴቨር» የሚሏቸውን ሁለቱን ቀይ ሦስት ማዕዘኖች ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ካምፐሩ ውስጥ የተኛ ልጅ እንኳ ቢኖር ቀስቅሳችሁ ሁሉንም አውርዱ።

ከዚያ ታኮ። የፒካፕ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። አንዱን የኋላ ጎማ ስታነሡ መኪናውን በፍሬን የያዘው የቀረው አንድ ጎማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፉ፤ አራቱንም ጎማ የሚያዞር መኪና ከሆነ ያንንም ማርሽ አስገቡ።

ዳዶዎቹን ማላላት

መኪናው ሳይነሣ ስድስቱንም ዳዶዎች በግማሽ ዙር አላሉ። በክሪክ ላይ የቆመ መኪና በጎማ መፍቻ አይታገሉትም።

ክሪኩ

ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

የኪቴንጌላና የካጂያዶ ሜዳ አፈር እኛ ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ጭነት አይችልም። በዋዜማው ዘንቦ ነበር፤ ላዩ ግን ደርቆ ጠንካራ ይመስላል። የመንገዱ ዳር ወደ ቦዩ ያዘነብላል፤ ጎማው የተነፈሰውም በዚያው በኩል ስለሆነ ካምፐሩ አስቀድሞ ወደ ግራ ጋደል ብሏል። እኔ ክሪኩን ባዶ አፈር ላይ አቁሜ ማንሣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ወደ ታች የሄደው ክሪኩ ነበር። ያኔ መተው ሲገባኝ ቀጠልኩ። መኪናው ተነሣ፤ ጎማውን አወለቅሁ።

በዚህ መካከል አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ተርንቦዩ፣ ማለትም ረዳቱ፣ ወረደ። ምንም ሳይናገር ስኮርታችንን አንከባሎ ከሻንሲው ሥር በጎኑ አስተኛው። ደቂቃም አልቆየ፤ ክሪኩ ዘመመና መኪናው ወደ ቦዩ ተንሸራቶ በስኮርታው ላይ ዐረፈ። ሰውዬው «ዌካ ማዌ» አለኝ፤ ድንጋይ አድርግ ማለቱ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ አምጥቶ ሥራውን እንደገና አስጀመረኝ።

ሒሳቡን ቤት ስገባ ሠራሁት። ካምፐር የጫነ ፒካፕ በአንድ የኋላ ጎማው በኩል ወደ አንድ ቶን ሊከብድ ይችላል፤ 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። የክሪኩ መቀመጫ በየጎኑ 10 ሴንቲሜትር ቢሆን ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በ100 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ነው፤ በእያንዳንዷ 10 ኪሎ ማለት ነው። በየጎኑ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ጣውላ ከሥሩ ስታደርጉ ግን በ900 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ስለሚከፋፈል ወደ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ግድም ይወርዳል። የክሪክ ጉልበት ከሥሩ ባለው መሬት ልክ ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ፦

መሬቱን በተረከዛችሁ ረግጣችሁ ፈትኑ። ተረከዝ ከሰረገ እዚያ አታንሡ፤ ኮረት ወይም አስፋልት እስክታገኙ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ቦታው የሚያዘነብል ከሆነም እንደዚሁ።

ወፍራም ጣውላ ያዙ። እኔ ከጊኮምባ የጣውላ መሸጫ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ቁራጮች አስቆርጬ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ አኑሬአለሁ። ሁለተኛው ለዚህ ነው፦ ጎማ ሲተነፍስ አክስሉ ዝቅ ስለሚል ሃይድሮሊክ ክሪክ ከሥሩ አልገባ ሊል ይችላል። ታኮ ከማድረጋችሁ በፊት የተነፈሰውን ጎማ ቀስ አድርጋችሁ ጣውላው ላይ አውጡት፤ ክሪኩ ይገባል፤ መቆፈር ይቀራል።

የኋላውን ጎማ ከአክስሉ ሥር አንሡ፤ ወደ ጎማው ቀርባችሁ፣ ባሌስትራው በታሰረበት አጠገብ። ከሻንሲው ካነሣችሁት ባሌስትራው እየተዘረጋ ጎማው መሬት አልለቅም ይላል፤ ካምፐሩን እጅግ ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ ከፍ ባለ ቁጥርም ይወዛወዛል። የካምፐሩን ወለል በክሪክ አትንኩ። ክሪኩም ከመኪናው ጋር የመጣው ብቻ አይሁን፤ እኔ ከኪሪንያጋ መንገድ አራት ቶን የሚያነሣ ገዝቻለሁ።

ሁለት ጣት ያህል አንሡና ቁሙ። ከመኪናው ኋላ ሄዳችሁ ክሪኩን ተመልከቱ። ቀጥ ብሏል? ጣውላው በአንድ ወገን አልሰረገም? ትንሽ እንኳ ከዘመመ አውርዱና እንደገና ጀምሩ። ያን ጊዜ ማውረድ አንድ ደቂቃ ነው፤ ጎማው ከወለቀ በኋላ ግን የሚወርደው በራሱ ነው።

ጎማውን ከማውለቃችሁ በፊት ስኮርታውን ከሻንሲው ሥር አስተኙ። የተነፈሰው ሲወልቅ እሱን በቦታው አስገብታችሁ ስኮርታውን አውጡ። ከሥሩ ምንጊዜም አንድ ጎማ ይኑር። ክሪኩ ቢከዳችሁ መኪናው የሚያርፈው በጎማው ላይ ነው፤ ክሪኩን መልሶ የሚያስገባ ክፍተትም ይተርፋችኋል። እጃችሁም ሆነ እግራችሁ፣ ለቅጽበት እንኳ፣ ከመኪናው ሥር አይግባ።

መግጠምና መንገድ መቀጠል

ስኮርታውን ግጠሙ፤ ዳዶዎቹን በእጅ አስገቡ፤ አውርዱና ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ።

ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቁሙና ደግማችሁ አጥብቁ። ካምፐር የጫነ መኪና ጉብታ ባለፈ ቁጥር ስለሚወዛወዝ አዲስ የታሰረ ዳዶ ይላላል። የተነፈሰውንም ጎማ በሚቀጥለው ከተማ ለጎሚስታ ስጡ፤ ያለ ስኮርታ ሌሊት አትጓዙ።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ጉዞ ሳትጀምሩ ታንከሩን ውሃ ሙሉ፣ ዕቃውን ሁሉ ጫኑና ጠንካራ በሆነው ግቢያችሁ ውስጥ አንድ የኋላ ጎማ አውልቃችሁ መልሱ። አብሯችሁ የሚሄደው ሰውም ያድርገው። የጎደላችሁ ዕቃ ካለ እዚያው ይታወቃችኋል፤ ገበያውም ቅርብ ነው።