በሁለት ዛፍ አሥር ነፍስ
ስለ ጊዋን ከተማ ታሪክና ኤኮኖሚ አጭር ጥናት

በፊሊፒን ደሴቶች ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ሳማር ከምትባለው ትልቅ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ ላይ፣ ጊዋን የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። በአንድ ወገን የሌይቴ ሰላጤ፣ በሌላው ወገን የፓስፊክ ውቅያኖስ ያዋስናታል። ሕዝቧ ዋራይ የሚባለውን ቋንቋ ይናገራል፤ ኑሮውም በዓሣና በኮኮናት የቆመ ነው። ስለ እስያ ኤኮኖሚ ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመን የትላልቆቹ ወደቦችና ፋብሪካዎች ነገር ስለሆነ፣ እንዲህ ያለችውን ትንሽ ከተማ ለብቻዋ መርምሮ ማየት ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፍራው በዓለም ታሪክ የገባው በማርች 1521 ነው። የማጄላን መርከቦች ፓስፊክን አቋርጠው፣ መርከበኞቹ በረኃብና በበሽታ ደክመው፣ ዛሬ በጊዋን አስተዳደር ሥር ባለችው በሆሞንሆን ደሴት አረፉ። ለሕሙማኑ ድንኳን ተተከለ። ወዲያውም በአቅራቢያ ካለችው ከሱሉዋን ደሴት ዘጠኝ ሰዎች በጀልባ መጥተው ዓሣ፣ ሙዝ፣ ሁለት ኮኮናትና አንድ ማሰሮ ከዛፍ የተቀዳ መጠጥ አመጡላቸው። ከጉዞው ጋር የነበረው ጣሊያናዊ ጸሐፊ አንቶኒዮ ፒጋፌታ እጅግ የተደነቀው በኮኮናቱ ነው። ከዚህ ዛፍ መጠጥ፣ ኮምጣጤ፣ ዘይት፣ ወተትና ገመድ እንደሚገኝ በዝርዝር ከጻፈ በኋላ፣ ሁለት ዛፍ አሥር ነፍስ ያለበትን ቤተ ሰብ ሊያኖር ይችላል ሲል አስልቷል።

ይህ ስሌት ልብ ሊባል ይገባዋል። ትክክል የሚሆነው ቤተ ሰቡ ከዛፉ የሚያገኘውን ራሱ ሲጠጣው፣ ሲበላውና ሲሠራበት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአውሮፓና የአሜሪካ የሳሙናና የማርጋሪን ፋብሪካዎች ዘይት አጥብቀው በፈለጉ ጊዜ ግን የዛፉ ሥራ ተለወጠ። ገበሬው የበሰለውን ፍሬ ለሁለት ይፈልጠዋል፤ ነጩን ሥጋውን በፀሐይ ወይም በፍሬው ልባስ ጢስ ያደርቀዋል። ይህ የደረቀው ሥጋ ኮፕራ ይባላል። በጆንያ ተሞልቶ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው ወደ ዘይት መጭመቂያ ይልከዋል። ፍሬው በየአርባ አምስት ቀኑ ወይም በየሁለት ወሩ ስለሚለቀም በመካከሉ ገንዘብ ያጥራል። ስለዚህ ነጋዴው ሩዝ ወይም ገንዘብ አስቀድሞ ያበድራል፤ ያበደረ ሰውም ዋጋ ለመቁረጥ አይቸገርም። በብዙ ቦታ መሬቱ የሌላ ሰው በመሆኑ ከተገኘው ላይ የባለመሬቱ ድርሻ ይነሣል። እንግዲህ ለአሥር ሰው ይበቃሉ የተባሉት ሁለት ዛፎች በኮፕራ ዘመን አንድ ሰው እንኳ አያኖሩም።

ከዛፉ ለቤት የቀረው ቱባ የሚባለው መጠጥ ነው። ጠላፊው ጧትና ማታ ዛፉ ላይ ወጥቶ የአበባውን እንቡጥ ጫፍ በስለት ይቀርፋል፤ የሚንጠባጠበውንም በቀርከሃ ዕቃ ይቀበላል። በሳማርና በሌይቴ የባሕር ዳር ዛፍ ቅርፊት ስለሚጨምሩበት ቀይ ይሆናል። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ፒጋፌታ ያየው ኤኮኖሚ በሕይወት ያለው በዚህ የቀርከሃ ዕቃ ውስጥ ብቻ ነው።

ከባሕር የመጡት ሌሎች እንግዶች ብዙ ናቸው፤ የቆዩት ግን ጥቂት ናቸው። ሚሲዮናውያኑ ግድግዳው በዛጎል ያጌጠ ቤተ ክርስቲያን ትተዋል። በኦክቶበር 1944 የአሜሪካ ጦር ሌይቴን ከማጥቃቱ በፊት ሱሉዋንና ሆሞንሆንን ያዘ፤ ቀጥሎም በጊዋን የባሕር ኃይል ሰፈርና የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራ። ጦሩ ሲሄድ የተረፈው ማረፊያው ነበር። በ1949 ደግሞ ከ5,000 በላይ የሚሆኑ ሩሲያውያን ስደተኞች ከሻንጋይ መጥተው አጠገቡ ባለችው በቱባባው ደሴት በድንኳን ሰፈሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ተበተኑ። ከእነርሱ ጋር የነበሩት ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ማክሲሞቪች ሌሊት ሌሊት ሰፈሩን እየዞሩ በጸሎት ስለሚባርኩት ዐውሎ ነፋስ አልነካውም ይባላል።

ኖቬምበር 8 ቀን 2013፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ40 ላይ፣ እዚያ ዮላንዳ በሌላው ዓለም ሃይያን የተባለው ዐውሎ ነፋስ መጀመሪያ የብስን የረገጠው በጊዋን ነው። ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 315 ኪሎ ሜትር ተገምቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሄደ፤ ቤቱም ጀልባውም ተሰባበረ። የርዳታ አውሮፕላኖች ያረፉት በዚያው ጦሩ ትቶት በሄደው ማረፊያ ነው። ቤት በወራት፣ ጀልባ በሳምንታት ይሠራል። ረጅሙ የኮኮናት ዘር ግን ለፍሬ ለመድረስ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ይፈልጋል። በዐውሎው መንገድ ባሉት አውራጃዎች ሁሉ ከ30 ሚሊዮን በላይ ዛፎች ተጎድተዋል። የወደቀው ግንድ ቶሎ ተሰንጥቆ ሳንቃ ካልሆነ ይበሰብሳል፤ በብስባሹ የሚራባው ቀንዳም ጥንዚዛም የተረፉትንና አዲስ የተተከሉትን ይበላል። ስለዚህ ገበሬው ከሐዘኑ ሳይወጣ መጋዝ መያዝ ነበረበት።

በእነዚያ ባዶ ዓመታት ሰው በምን ይኑር? አንዳንዶች ወደ ዓሣና ወደ ባሕር ሣር እርባታ ዞሩ፤ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ማኒላ ሄዱ። በሆሞንሆን ክሮማይት ይቆፈራል፤ ደመወዝ ያስገኛል፤ ነገር ግን ትንሽ ደሴት አፈሯ ከተገፈፈ የሚቀራት ምን እንደሆነ ነዋሪው ይጠይቃል፤ በእኔ አስተያየት ጥያቄው የሚገባ ነው።

ለእንዲህ ላለው ቀን የሚሆን ገንዘብ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። ከ1971 እስከ 1982 በማርኮስ አገዛዝ ዘመን፣ ኮፕራ በተሸጠ ቁጥር ለኢንዱስትሪው ማሳደጊያ እየተባለ ቀረጥ ይነሣ ነበር። በገንዘቡ ባንክ፣ የዘይት ፋብሪካዎችና ሳን ሚጌል የተባለው ትልቅ የቢራ ኩባንያ አክሲዮን ተገዛ፤ ገበሬው ግን ምንም አላየም። ክርክሩ በፍርድ ቤት ሲጓተት ኖሮ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአክሲዮኑ ትልቁ ድርሻ ለኮኮናት ገበሬዎች ጥቅም እንዲውል የወሰነው በ2012፣ ማለት ዐውሎው ከመምጣቱ አንድ ዓመት በፊት ነው። ገንዘቡ የሚተዳደርበት ሕግ የወጣው ግን በ2021 ነው። ከዐውሎው ማግሥት የተተከሉት ችግኞች በዚያ ዓመት ማፍራት ጀምረው ነበር። የርዳታው ተካፋይ ለመሆን ገበሬው በመዝገብ መግባት አለበት፤ ቀረጡን ከከፈሉት መካከል ብዙዎቹ ግን ከመመዝገባቸው በፊት ሞተዋል።