ርካሹ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ለማን ያዋጣል?

በኮምፒዩተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ቀድሞ የትልልቅ ፋብሪካዎች ንብረት ነበር። ዛሬ ግን በጓሮው የሚሠራ አናጢ እንኳ ሊገዛው የሚችል ዓይነት በገበያ ላይ ይገኛል። የዋጋው መውረድ ብዙዎችን አጓጉቷል። ይሁን እንጂ የማሽኑ ዋጋ ወረደ ማለት የሥራው ትርፍ ጨመረ ማለት አይደለም። ገዢው ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ሊሠራው የሚገባ ሂሳብ አለ።

ዋጋው እንዴት ወረደ?

የማሽኑ መነሻ የእንጨት ሥራ ሳይሆን የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ነው። አሜሪካዊው ጆን ፓርሰንስ ከሄሊኮፕተር ክንፍ ሥራ ተነስቶ ያፈለቀው ሐሳብ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዳብሮ፣ በቁጥር የሚታዘዝ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1952 ለእይታ በቃ። ከዚያ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ዋጋው ከግለሰብ አቅም በላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 ቴድ ሆል የተባለ አሜሪካዊ ከኮምፔርሳቶ ጀልባ ለመሥራት ሲል የጀመረው ሙከራ ሾፕቦት የተባለውን ኩባንያ ወለደ፤ ማሽኑም ወደ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤቶች ገባ። ዋናው የዋጋ ቅናሽ ግን የመጣው ከብረቱ ሳይሆን ከማዘዣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኖርዌያዊው ሲመን ስቫለ ስኮግስሩድ ጂአርቢኤል የተባለውን የማዘዣ ፕሮግራም ሠርቶ ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ፕሮግራሙ በአነስተኛ ዋጋ በሚሸጥ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኤድዋርድ ፎርድ ሻፒኦኮ የተባለውን፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን ማሽን ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ለገበያ አቀረበ። በዚሁ መንገድ የቻይና አምራቾች ገብተውበት፣ 30 በ18 ሴንቲ ሜትር ስፋት የሚቀርጸው "3018" የሚባለው ዓይነት በጥቂት መቶ ዶላር የሚገኝ ሆነ።

ማሽኑ የሚሸጠው ጊዜ ነው

አሠራሩ ቀላል ነው። ንድፉ በኮምፒዩተር ይዘጋጃል። ፕሮግራሙ ንድፉን ፑንታው የሚሄድበት መስመር አድርጎ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ሦስት ሞተሮች ደግሞ ፑንታውን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች ይወስዱታል። መጀመሪያ ወፍራም ፑንታ ትርፉን እንጨት ያነሳል፤ ቀጥሎ ቀጭኑ መልክ ያስይዛል።

ጊዜ የሚበላው ሁለተኛው ነው። ለምሳሌ 30 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የዋንዛ ጣውላ ላይ አበባ ለመቅረጽ ፑንታው በየ0.3 ሚሊ ሜትሩ ይመላለሳል እንበል። ምልልሱ 667 ጊዜ ያህል፣ ጠቅላላ ጉዞው 200 ሜትር ይሆናል። በደቂቃ 1 ሜትር ቢሄድ 200 ደቂቃ ይወስዳል። ለመጀመሪያው ማንሳት 40 ደቂቃ ሲታከልበት 4 ሰዓት ይሞላል። አካሉ ቀጭን የሆነ ርካሽ ማሽን ግን ሲፈጥን ስለሚንቀጠቀጥ ዝግ ብሎ መሥራት ይኖርበታል። በግማሽ ፍጥነት ከሄደ ያው ሥራ 8 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በርካሽ ማሽንና በውድ ማሽን መካከል ያለው ዋና ልዩነት በሰዓት የሚለካ ነው።

ሂሳቡ

ለስሌት እንዲመች የሚከተሉት ቁጥሮች ይወሰዱ። ትልቁ ማሽን ከነመለዋወጫው 240,000 ብር ወጥቶበት 3 ዓመት ያገለግላል፤ የዓመት ቋሚ ወጪው 80,000 ብር ነው። ትንሹ 60,000 ብር ወጥቶበት 2 ዓመት ያገለግላል፤ ቋሚ ወጪው በዓመት 30,000 ብር ነው። ሁለቱም በዓመት 1,000 ሰዓት ቢሠሩ ትልቁ 250፣ ትንሹ 125 ቅርጽ ያወጣሉ። አንዱ ቅርጽ በ1,300 ብር ይሸጣል። የእንጨት፣ የፑንታ፣ የመብራትና የጉልበት ተለዋዋጭ ወጪው 680 ብር ነው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ቋሚውን ወጪ ለመሸፈን የሚተርፈው 620 ብር ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ መሠረት ትንሹ ማሽን ወጪውን ለመመለስ 49 ቅርጽ፣ ትልቁ ደግሞ 130 ቅርጽ መሸጥ አለበት። ትዕዛዙ ከ49 በታች ከሆነ ሁለቱም ኪሳራ ናቸው፤ ባለቤቱ መሮውን ይዞ ቢቆይ ይሻለዋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። ትንሹ ማሽን ሙሉ ጊዜውን ሠርቶ 125 ቢሸጥ 47,500 ብር ያተርፋል። ትልቁ ይህንኑ ትርፍ ለማግኘት 206 መሸጥ ይኖርበታል። በመሆኑም በዓመት 150 ትዕዛዝ ያለው ሰው ትልቁን ቢገዛ ሥራው ይበዛለታል፤ ትርፉ ግን 13,000 ብር ብቻ ነው። 25ቱን ትዕዛዝ ትቶ በትንሹ ማሽን ቢሠራ የተሻለ ያገኛል። 250 ትዕዛዝ በእጁ ያለው ግን በትልቁ 75,000 ብር ስለሚያተርፍ መግዛቱ ትክክል ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ማሽኑ ለአንዱ ከረከሰ ለጎረቤቱም ረክሷል። ሁሉም ያንኑ አበባ ሲቀርጽ ዋጋ ይወርዳል። ቅርጹ 1,100 ብር ቢገባ ከሽያጩ የሚተርፈው 420 ብር ስለሚሆን፣ ትንሹ ወጪውን የሚመልሰው በ72፣ ትልቁ በ191 ቅርጽ ይሆናል። ዋጋውን ይዞ የሚቆየው ሌላው የሌለው ንድፍ ያለው ባለሙያ ነው።

ከመግዛት በፊት ሊታዩ የሚገባቸው

አንደኛው ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ማሽን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር መግዛት ደግሞ ተጨማሪ ወጪ ነው።

ሁለተኛው የመብራት መቋረጥ ነው። የአብዛኞቹ ርካሽ ማሽኖች ሞተር የቆመበትን ቦታ አያስታውስም። በሰባተኛው ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋ፣ መነሻ ነጥቡ አስቀድሞ በትክክል ካልተያዘ ጣውላው ሊበላሽ ይችላል።

ሦስተኛው ማሽኑ የማይችለው ሥራ ነው። በሦስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ ማሽን የሚቀርጸው ከላይ የሚያገኘውን ብቻ ነው። ከአንድ ግንድ የሚወጣውን የጅማ በርጩማ እንደ ጣውላ አንዴ አስሮ ከነእግሩ ሊፈለፍለው አይችልም። የእጅ ባለሙያው ገበያ በዚህ በኩል እንደተጠበቀ ነው።

በመጨረሻም ሰጋቱራው አለ። የደነዘዘ ፑንታ እንጨቱን እየፈተገ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ማሽኑን አስነስቶ ወደ ሻይ ቤት መሄድ አይቻልም። የጠባቂው ሰዓትም ከወጪው ሊደመር ይገባዋል።

ለማጠቃለል፣ ጥያቄው "ማሽኑ ስንት ነው?" ሳይሆን "በዓመት ስንት ትዕዛዝ አለኝ?" የሚለው ነው። የትዕዛዙን ቁጥር ከመዝገቡ ላይ አንብቦ የሚገዛ ነጋዴ ለሂሳቡ የሚመጥነውን ማሽን ያገኛል። ማሽኑን ገዝቶ ትዕዛዝ ፍለጋ የሚወጣ ግን በየዓመቱ የሚከፍለው ቋሚ ወጪ አስቀድሞ ይጠብቀዋል።