በኪሎ ከሚሸጥ ብረት መካከል፦ አሮጌ ትራፓኖን መምረጥና ማደስ

በመማሪያ መጻሕፍት «ቋሚ መሰርሰሪያ» የሚባለውን ማሽን የጋራዥ ባለሙያዎቻችን «ትራፓኖ» ይሉታል። ቃሉ እንደ ኩሽኔታ፣ ሞርሳና ዳዶ ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ሥራው ቀጥ ያለ ቀዳዳ መብሳት ሲሆን፣ ቀላል ቢመስልም በእጅ የሚያዝ መሰርሰሪያ ይህን በእርግጠኝነት ሊያደርገው አይችልም። ለምሳሌ ያህል የእንሰት መፋቂያ መሣሪያ ለመሥራት የሚያስብ የወልቂጤ ወይም የቡታጅራ ተማሪ ዘንጉን የሚሸከሙ ሁለት ላሜራዎችን መብሳት ይኖርበታል። ቀዳዳዎቹ በትክክል ካልተገጣጠሙ ዘንጉ ይታነቃል፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

አዲስ ትራፓኖ ለተማሪ ኪስ የሚቀመስ አይደለም። አሮጌው ግን በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራን በመሰሉ ስፍራዎች ሊገኝ ይችላል፤ ከዚያም በጅማ መንገድ ወደ ወልቂጤ፣ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ ይጫናል። ገዥ ያጣ አሮጌ ማሽን ዕጣ ፈንታው በኪሎ ተመዝኖ ወደ ማቅለጫ መሄድ ነው። እንግዲህ የትኛው መዳን ይገባዋል? የትኛውስ ይቅለጥ? ብዙ ሰው ዝገት አይቶ ይሸሻል፤ አዲስ ቀለም አይቶ ይገዛል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ፍርዶች የተሳሳቱ ናቸው። ዝገት በጥቂት ብር ይለቃል፤ የተሰነጠቀ አካልና የማይስማማ ሞተር ግን የገዥውን ገንዘብ ይበላሉ።

በመጀመሪያ አካሉን በትንሽ መዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ይገባል። ጤነኛ ካስት አይረን እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ደግሞ የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ይህ ብረት ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን ስለሚይዝ በብየዳ ሙቀት በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «በየድነው፣ ምንም አይልም» የሚል ሻጭ ቢያጋጥመን መጠርጠሩ ይበጃል።

ቀጥሎ የሚመረመረው ዋናው ዘንግ ነው። ወደ ጎን ስንገፋው የሚነቃነቅ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል ወይም የሚንሸራተትበት ቤት ሰፍቷል። የመጀመሪያው የሚያሳስብ አይደለም። የኩሽኔታ ቁጥሮች በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ናቸውና፣ 6203 የሚል ቁጥር ካለው የውስጥ ቀዳዳው 17 ሚሊ ሜትር፣ 6204 ከሆነ 20፣ 6205 ከሆነ ደግሞ 25 ነው። ማሽኑ የየትኛውም አገር ሥሪት ቢሆን ምትኩ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሊገኝ ይችላል። ቤቱ ከሰፋ ግን የቶርኖ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ያ ወጪም ከማሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

በብዙ ትራፓኖዎች የዘንጉ ጫፍ ውስጡ ሾጣጣ ነው። ይህ «የሞርስ ሾጣጣ» ይባላል፤ ስሙም ጠመዝማዛውን ፑንታ እ.ኤ.አ. በ1863 በፓተንት ካስመዘገበው አሜሪካዊ ከስቴፈን ሞርስ የተወሰደ ነው። የፑንታ መያዣው እዚያ ውስጥ ያለ ብሎን የሚቆመው በምን ኃይል ነው? ሾጣጣው በየ20 ሚሊ ሜትሩ ዲያሜትሩ በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚቀንስ የአንዱ ጎን ዝንባሌ 0.025 ገደማ ይሆናል። በደረቅ ብረትና ብረት መካከል ያለው የሰበቃ ኮኤፊሸንት ወደ 0.15 ይጠጋል፤ ይኸውም የዝንባሌው 6 እጥፍ ነው። ሰበቃው ከዝንባሌው እስከ በለጠ ድረስ መያዣው በራሱ አይወድቅም። በመካከሉ ግራሶ ወይም እብጠት ካለ ግን ይህ ስሌት ይፈርሳል። ስለሆነም ሾጣጣውን በጨርቅ አድርቆ ማጽዳት እንጂ ዘይት መቀባት አይገባም።

ትልቁ ራስ ምታት ሞተሩ ነው። ከፋብሪካ የወጡ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት ሲሆኑ ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው መስመር በተለምዶ ባለ አንድ ፌዝ፣ 220 ቮልት ነው። ከመግዛታችን በፊት በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ማንበብ ግዴታ ነው። 220/380 የሚል ከሆነ በዴልታ አገናኝቶ ከአንድ ፌዝ ሦስት በሚያወጣ ኢንቨርተር ማሠራት ይቻላል። በካፓሲተር ማሠራትም አለ፤ ለአንድ ኪሎ ዋት 70 ማይክሮ ፋራድ ገደማ ያስፈልጋል፤ የሞተሩ ጉልበት ግን በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ሰሌዳው 380/660 ካለ ሞተሩን በባለ አንድ ፌዝ መለወጥ ይቀላል። ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ 60 ኸርትዝ ተብሎ የተሠራ ነው። በእኛ 50 ኸርትዝ ላይ የ1725 ዙሩ ወደ 1437 ይወርዳል፤ ቮልቴጁም በዚያው ልክ ካልቀነሰ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ይህን ሥራ ሁሉ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ መስጠት፣ አካሉንም ከመሬት መስመር ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዝገቱ እንመለስ። በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ በ1 ሊትር ውኃ 10 ግራም ያህል ሶዲየም ካርቦኔት ይሟሟል፤ ከዐቢጃታ ሐይቅ ለዓመታት ሲመረት የነበረው ሶዳ አሽ ይኸው ነው። የዛገው ዕቃ ከባለ 12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር ኔጌቲቭ ጫፍ፣ ቁራጭ ተራ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ይገናኛል፤ ሁለቱ ግን እንዳይነካኩ። በዝገቱ ሥር ሃይድሮጅን እየፈለቀ ቅርፊቱን ይፈነቅለዋል፤ ከዝገቱም ከፊሉ ኦክስጅኑን ያጣል። ሃይድሮጅን ፈንጂ ጋዝ ስለሆነ ሥራው ደጅ፣ ከእሳት ርቆ መከናወን አለበት። በሶዳ ፋንታ የገበታ ጨው የሚጨምር ክሎሪን ይተነፍሳል፤ የማይዝግ ብረት በፖዘቲቩ ላይ የሚያስር ደግሞ መርዛማ ክሮሚየም ያመርታል። የዘንጉን መመለሻ ሞላ እዚያ ውስጥ መክተት አይገባም፤ ሃይድሮጅን ጠንካራ ብረትን ተሰባሪ ያደርገዋልና። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በብርጭቆ ወረቀት የሚፋቀው በውኃ እየራሰ ነው።

ማሽኑ ከተገጣጠመ በኋላ ቺንጋው በየትኛው ፑሌጃ ላይ ይዋል? ተራ ብረትን በሃይ ስፒድ ፑንታ ስንበሳ ጠርዙ በደቂቃ 25 ሜትር ገደማ ቢጓዝ ይመረጣል። ዙሩ የሚገኘው 25,000ን ለ3.14 እና ለፑንታው ዲያሜትር በሚሊ ሜትር በማካፈል ነው። ለ16 ሚሊ ሜትር 497፣ ለ2 ሚሊ ሜትር 3,980 ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 1420 ዙር ቢዞርና የሞተሩ ፑሌጃ 50፣ የዘንጉ 150 ሚሊ ሜትር ቢሆን ዘንጉ 473 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም ለ16ቱ ይስማማል። መጠኖቹ ቢገለበጡ 4,260 ይሆናል። በዚህ ፍጥነት 13 ሚሊ ሜትር ፑንታ የሚያስር ሰው ጠርዙን በደቂቃ 174 ሜትር እያስሮጠው ነው፤ ፑንታው ሰማያዊ ሆኖ ይቃጠላል።

የመጨረሻው ፍተሻ ቀጥታነት ነው። የታጠፈ ወፍራም ሽቦ በመያዣው ውስጥ ይታሰርና ጫፉ ከመሐል 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ጠረጴዛውን ሊነካ እንዲቃረብ ይደረጋል። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ዘንጉን በእጅ እያዞርን በአራት አቅጣጫ ክፍተቱን በወረቀት እንለካለን። በተቃራኒ ጎኖች መካከል የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት ላይ ቀዳዳው 0.1 ሚሊ ሜትር ያጋድላል። ጠረጴዛው የሚስተካከልበትን ብሎን አላልቶ፣ ከሥሩ ስስ የቆርቆሮ ቁራጭ እያስገቡ ልዩነቱን ማጥፋት ይቻላል። ከዚያም የቺንጋው መሸፈኛ ይገጠማል፤ ከሌለውም ከላሜራ ይሠራለታል። ብረቱ በሞርሳ ይታሰራል፤ ጓንትና የተንጠለጠለ ልብስ ይወልቃል፤ የመጀመሪያውም ቀዳዳ ይበሳል።