ዲግሪያችን ምን ይመሰክራል?

ዲግሪ ማለት ምስክር ነው። “ይህ ሰው ሙያውን ያውቃል” ብሎ ለማያውቀን ቀጣሪ ይመሰክርልናል። ምስክሩ ሐሰተኛ ሲሆን ታዲያ ጉዳቱ ለባለወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ ለፍቶ የተማረውም አብሮ ይጠረጠራል። ስለዚህ የጥራት ጉዳይ የእኛም የተማሪዎቹ ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ ሁለት ቃላትን እንለይ። ደረጃ ማለት ማንም ተመራቂ ከሱ በታች ሊሆን የማይገባው ወለል ነው። ጥራት ግን ትምህርቱ የታሰበለትን ዓላማ ምን ያህል አሟልቷል የሚለው ነው።

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ። ሥራውን ዛሬ የያዘው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ዕውቅና ሲሰጥ የመምህራን ብዛት፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ ይታያል። እነዚህ ግብዓቶች ናቸው፤ ተማሪው ምን እንዳወቀ ግን ለብቻቸው አይነግሩንም።

ለዚህ ነው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የተጀመረው። ማለፊያው 50 በመቶ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት 41 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በመንግሥት ተቋማት 62፣ በግል ተቋማት ደግሞ 17 በመቶ ያህል ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እነዚህ ተፈታኞች እኮ ኮርሶቻቸውን አልፈው የመጡ ናቸው! መምህሩ “አልፈሃል” ያለውን ተማሪ ፈተናው “አላለፍክም” አለው። ሁለት ምስክሮች ካልተስማሙ ወይ አንዱ ተሳስቷል፣ ወይ የሚለኩት ነገር የተለያየ ነው።

በኔ እይታ ሁለቱም አለበት። የምርጫ ጥያቄ የዜናን ትርጉም ሊጠይቀኝ ይችላል፤ ወጥቼ ባለጉዳዩን አነጋግሬ እውነቱን ማጣራት መቻሌን ግን አያይም። ይህን ማየት የሚችለው በየኮርሱ የሚሰጠው ምዘና ነው። እሱም ቢሆን ይላላል። ባለፈው ሴሚስተር አንድ የግሩፕ አሳይመንት ለአምስት ተሰጠን። አንዱ ልጅ ብቻውን ሠራው፤ አምስታችንም እኩል ግሬድ አገኘን። ካልሠሩት ከአራቱ አንዷ እኔ ነበርኩ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ለቃለ መጠይቅ ስወጣ ጥያቄ ማዘጋጀት አቃተኝ፤ ግሬዱ አልረዳኝም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ?

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በቡድን ሥራ እያንዳንዱ ተማሪ ስለሠራው በቃል ይጠየቅ። ከታረሙት ወረቀቶች ጥቂቱን ሌላ መምህር ደግሞ ይመልከታቸው። መመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ ከሌላ ተቋም የመጣ ፈታኝ ይኑር። ለዚህ ሁሉ ግን መምህሩ ሊያርመው በሚችለው ልክ የተማሪ ቁጥር ሊመደብለት ይገባል።

የመውጫ ፈተና በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ዘበኛው የሚይዘው የሚወጣውን ነው፤ ግቢ ውስጥ በአራት ዓመት ያልተሠራውን ሊሠራልን አይችልም። ያ የመምህራንና የእኛ ድርሻ ነው።